ስለ ጥንታዊው መንፈሳዊ ጥልፍ፦ አይጠቡት፣ መጀመሪያ ጀርባውን ይዩ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሊድስ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አረጋዊት አርፈው፣ ልጆቻቸው አንድ አሮጌ ጥልፍ ለማስታወሻ ሰጡኝ። 38 በ32 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር፣ አራት መስመር መንፈሳዊ ግጥም፣ በሰማያዊ ክር የልጅቱ ስምና ‹ዕድሜ 11› የሚል፣ ዙሪያውን የአበባና የእንጆሪ ሐረግ አለው። ከስሙ አጠገብ ዓመቱ 18 ብሎ ይቆማል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሉም። የግጥሙ ቡናማ ፊደላት ይረግፋሉ። ጨርቁ ቢጫ ሆኗል፣ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎችም አሉት። ክፈፉ ከኋላ በጣውላ ተዘግቷል። ልጠበው? የጎደለውንስ ልጥለፈው? የስንት ዓመት ዕቃ ይሆን?»

አጭሩ መልስ፦ አይጠቡት፣ የጎደለውንም አይሙሉ። ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ እንደ ጉድለት የቆጠሯቸው ሦስት ነገሮች (የጠፉት ቁጥሮች፣ የሚረግፉት ፊደላትና ቀዳዳዎቹ) ስለዚህ ጥልፍ ከሁሉ አብልጠው የሚነግሩን እነሱ ስለሆኑ ነው። ሦስቱንም ደግሞ አንድ ጊዜ የነካ ውሃ ያበላሻቸዋል።

በእጅዎ የገባው እንግሊዞች ሳምፕለር የሚሉት ነው። ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ሲሆን ናሙና፣ አርአያ ማለት ነው። ሲጀመር የግድግዳ ጌጥ አልነበረም። የታተመ ንድፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ጠላፊዋ ያየችው ንድፍ እንዳይጠፋት በመርፌ የምትመዘግብበት ጨርቅ ነበር። ዓመት ከተጠለፈባቸው የእንግሊዝ ሳምፕለሮች ቀደምቱ ጄን ቦስቶክ በ1598 የሠራችው ነው፤ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ17ኛው መቶ ዘመን ጠበብ ብለው የረዘሙ፣ ንድፍ በንድፍ ላይ በረድፍ የሚወርድባቸው ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ወርዳቸው ሰፋ፣ ዙሪያቸው በሐረግ ታጠረ፣ መሐል ላይ ግጥምና ስም ገባ። በዚህ ጊዜ ሳምፕለር የልጅ ትምህርት ሆኗል፦ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሃይማኖትና መርፌ በአንድ ጨርቅ ላይ።

የፊደሉ ረድፍ ለሥራም ይፈለግ ነበር። አንሶላው፣ የጠረጴዛ ልብሱ፣ ሸሚዙ ሁሉ በባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና በተራ ቁጥር ምልክት ይደረግበታል፤ ያንን በጥቃቅን መስቀለኛ ስፌት አጥርታ የምትሠራ የድኻ ልጅ ደህና ቤት ተቀጥራ የመግባት ዕድሏ ይሰፋል። ስለዚህ የ11 ዓመት ልጅ እጅ እንዲህ ቀጥ ያለ መሆኑ አይግረምዎ፤ እንጀራዋ ነበር።

ዕድሜውን ለማወቅ ከቀዳዳዎቹ እንነሣ። ብል የሚበላው ከእንስሳ የመጣውን ነው፦ ሱፍ፣ ጠጉር፣ ላባ፣ አንዳንዴም ሐር። ከተልባ አገዳ የሚፈተለውን ሊነን፣ ቅባትና ቆሻሻ ከሌለበት በቀር፣ አይነካውም። ቀዳዳዎቹ ጠርዛቸው ንጹሕ ሆኖ፣ በላያቸው የተጠለፈው ሐር ያለ መሠረት ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ጨርቁ ሱፍ ነው ብለው መገመት ይችላሉ። ጠርዛቸው ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን ሥራው የብል ሳይሆን የምስማር ዝገት ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲያዩት የሱፍ ክር ጥቃቅን ጠጉር አለው፣ ውፍረቱም ይመሳሰላል፤ የሊነን ክር ያብረቀርቃል፣ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ይቀጥናል። በስስ ሱፍ ላይ መጥለፍ በእንግሊዝ አገር የተለመደው በተለይ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ነበር። ሱፍ ሆኖ ከተገኘ፣ 18 የሚለውን ይዘን ከ1800 እስከ 1840 አካባቢ ባለው ውስጥ ነን።

አሁን ሁለቱ ቁጥሮች። ቁጥር ከሳምፕለር የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ክሩ ራሱ በስብሶ ሲረግፍ ነው። ያን ጊዜ በዚያው ቀለም የተጠለፈው ሌላውም አብሮ ይሳሳል፣ በመርፌው ቀዳዳ ዙሪያም ቡናማ ጥላ ይቀራል። ሁለተኛው ሰው ሆን ብሎ ሲፈታው ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስሟም፣ ዕድሜዋም፣ 18ቱም በአንድ ሰማያዊ ክር ተጠልፈው ጤነኛ ሆነው ሳሉ የጠፉት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህ ብዙ ሳምፕለሮች ላይ የሚታይ ነው። «ዕድሜ 11» ከሚለው ጎን ዓመቱ ካለ፣ ሳሎን የገባ እንግዳ ሁሉ ባለቤቲቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ደምሮ ያውቃል። ስለዚህ ልጅቱ ካደገች በኋላ መቀስ አንሥታ ሁለት ቁጥር ትፈታለች።

ክሩ ቢፈታም ቀዳዳው አለ። መርፌ የገባበት ቦታ ድርና ማጉን ገፋ አድርጎ ስለሚያልፍ፣ ጨርቁ ካልታጠበ ምልክቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይዘጋ ይቆያል። ሲታጠብ ግን ክሮቹ አብጠው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ዓመቱም ያኔ ለዘለቄታው ጠፋ ማለት ነው። ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከጨርቁ ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ቀዳዳዎቹ ጥላ ይጥላሉ። በዚያው ብርሃን ፎቶ ያንሡና ስክሪን ላይ አጉልተው ይሥሩ። ካሬ ወረቀት ያቅርቡ። መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን 1 እና 8 ይቁጠሩ፦ ቁመታቸው ስንት መስቀል ነው? ሰባት ከሆነ የጠፉትም ሰባት ናቸው። አንድ መስቀል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ድርና ሁለት ማግ ይሸፍናል፤ አንዱን ካሬ ለአንድ መስቀል ይስጡና አራቱም ጥጉ ላይ ቀዳዳ ያለውን ካሬ ያጥቁሩ። ጎን ለጎን ያሉ መስቀሎች ቀዳዳ ስለሚጋሩ በመጀመሪያው ሙከራ አይጠራ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚረዳዎት ልጅቱ ራሷ የጠለፈችው ከ1 እስከ 10 ያለው ረድፍ ነው፤ የሷ 2 ታቹ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የሷ 4 ክፍት ይሁን ዝግ እዚያ ላይ ተጽፎልዎታል። 3 እና 8 በጣም ይምታታሉ፤ የሚለዩት በግራ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች ነው።

ክፈፉ ሲከፈት ጀርባውንም ያያሉ፤ እኔ ከፊቱ ይልቅ የማምነው ጀርባውን ነው። የሚፈታ ሰው ክሩን ሁሉ አይለቅምም። ከኋላ ከሌላ ስፌት ሥር የተያዘች ሦስት ሚሊሜትር ሰማያዊ ጭራ ብትገኝ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ትነግርዎታለች። ቀለሙም እዚያ ነው። ከፊት ለፊት ቅጠሎቹ ሰማያዊ ሆነው ያያሉ እንጂ ልጅቱ የጠለፈቻቸው በአረንጓዴ ነበር፦ በዚያን ዘመን አረንጓዴ የሚገኘው በተክል ቢጫና በኢንዲጎ ሰማያዊ ድርብ ንክር ሲሆን፣ ብርሃን ቀድሞ የሚበላው ቢጫውን ነው። ጀርባው ላይ አረንጓዴው ገና ይኖራል። የደበዘዘው ሮዝም እዚያ ቀይ ነው። ጀርባው ላይ የሚጮህ ወይን ጠጅ ወይም ፉሺያ ካዩ ግን እስካሁን ያልኩት ይናጋል፤ የመጀመሪያው የፋብሪካ ወይን ጠጅ ቀለም በዊልያም ፐርኪን የተገኘው በ1856 ነውና።

የሚረግፉት ቡናማ ፊደላት ሌላ በሽታ ነው። ቡናማና ጥቁር ሐር ይነከር የነበረው ታኒን ያለበትን ተክል ከብረት ጨው ጋር አዋህዶ ነው። ያ ብረት ከክሩ አልወጣም። ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሆኖ ሐሩን ከውስጥ ሲበላው ኖሯል፤ አሁን ክር መስሎ የቆመ ዱቄት ነው። ይህን ወደ ኋላ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ክፈፉን እንኳ ሳይከፍቱ፣ ግጥሙን መስመር በመስመር በትልቁ ጥራት ፎቶ ያንሡት። ጽሑፉን ሲገለብጡም ከነስሕተቱ ይሁን። ልጆቹ መስመሩ ሲያልቅባቸው የተረፈችውን ፊደል ከላይ ይሰቅሏታል፣ ቃል ይቆርጣሉ፣ ፊደል ይዘላሉ። እነዚህ ከታረሙ የልጅቱ እጅ ከጽሑፉ ወጣ ማለት ነው።

ግጥሙ ዕድሜ አይነግርም፤ በዚህ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። አይዛክ ዋትስ በ1715 ለልጆች ያሳተማቸው መዝሙሮች ከመቶ ዓመት በኋላም እየተጠለፉ ነበር። «ጄ» ፊደል የሌለው የፊደል ረድፍም እንዲሁ ነው፦ ቀድሞ አይና ጄ፣ ዩና ቪ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩ ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ግን አሮጌውን ረድፍ ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ይዘውት ገብተዋል። ግጥሙን የምትመርጠው ልጅቱ ሳትሆን መምህርቷ ናት፤ አብዛኛው ስለ ሕይወት አጭርነት፣ ስለ ወላጅ መታዘዝ፣ ስለ ሞት ዝግጅት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ «ነገ መቃብሬ» የሚል ሐሳብ ፊደል በፊደል፣ ለሳምንታት ስትጠልፍ መዋሏን ማሰብ ይከብዳል። ነገር ግን ታናናሾቿን ቀብራ የመጣች ልጅ ልትሆን እንደምትችልም አይርሱ።

ስለ አበቦቹ ብዙ አልልም። ሥጋ ሮዝ፣ እንጆሪና ጽጌረዳ ከዘመን ወደ ዘመን፣ ከመምህርት ወደ ተማሪ የተላለፉ ንድፎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አበባ ምስጢራዊ ትርጉም አለው የሚሉ ገለጻዎችን በጥርጣሬ ያንብቡ። ይልቅ የሐረጉን አራት ማዕዘን ይዩ። ሐረግ የሚጠለፈው እየተቆጠረ ስለሆነ ልጅ ስትቆጥር የሳተችው ክር ሁሉ ማዕዘን ላይ ይጠራቀማል፤ ሦስቱ ገጥመው አራተኛው ላይ እንጆሪዋ ተጨፍልቃ ወይም ግንዱ ተቆርጦ ካገኙት፣ የእጅ ሥራ መሆኑ አንዱ ምስክር ያ ነው። ማስመሰያ እንዳይሆን ከሠጉ ደግሞ ጨለማ ውስጥ የብር ኖት መመርመሪያ አልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት፤ ጨርቁ ወይም ክሩ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ከበራ ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ማንጫ አለበት። በሻይ ተነክሮ ያረጀ እንዲመስል የተደረገም ፊቱም ጀርባውም እኩል ቡናማ ነው፤ እውነተኛው በክፈፉ ጠርዝ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ዳር ቀለሙ ይለያል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መታጠቡን የከለከልኩበት ምክንያት ከመርፌ ቀዳዳዎቹም ያልፋል። ሱፍ በውሃ ይሸበሸባል፣ ሐሩ ግን አብሮት አይሸበሸብም፤ ጥልፉ ያብጣል። ቀዩና ጥቁሩ ቀለም ይለቃል፤ ከለቀቀ ማስለቀቂያ የለውም። የበሰበሰው ቡናማ ሐር ከውሃው ጋር ይሄዳል። በትንሽ ቦታ ብቻ ቢያረጥቡት እንኳ ውሃው ቆሻሻውን ገፍቶ የደረሰበት ላይ ቡናማ መስመር ያሰምራል። በረኪናማ ሱፍንም ሐርንም ያሟሟል።

ጣውላውን ግን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከእንጨት የሚወጣው አሲድ ነው ጨርቁን ካቢጫጩት አንዱ። ክፈፉን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ በፊቱ አጋድመው፣ ከኋላ የተለጠፈ ወረቀት ካለ በምላጭ ቆርጠው ያንሡት፤ አይጣሉት። የድሮ ጋዜጣ ከሆነ ቀኑ የጥልፉ ሳይሆን ክፈፉ የገባበት ጊዜ ጠቋሚ ነው። ምስማሮቹን ወደ ጎን በአፈ ጠፍጣፋ ፒንሳ ይሳቡ፣ ፒንሳው እንዳያመልጥ በምስማሩና በጥልፉ መሐል ካርቶን ይጨምሩ። ጨርቁ ከእንጨት ጋር በዛገ ምስማር ተይዞ ካገኙት ወይም በሙጫ ከተለጠፈ እዚያው ያቁሙ። ዝገት የያዘው ሱፍ ሲጎተት ይቀደዳል፤ ይህ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። በብሪታንያ አይከን የሚባለው የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ተቋም የባለሙያዎች መዝገብ ስላለው የጨርቅ ጠጋኝ በዚያ በኩል መፈለግ ይችላሉ።

ነጻ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ከሥሩ ካርቶን አድርገው በዝርግ ያንሡት እንጂ በሁለት ጥጉ አንጠልጥለው አይያዙት። አቧራውን እንዲህ ያውጡ፦ የጥልፍ መወጠሪያ ክብ ላይ ዓይነ ርግብ ይወጥሩ፣ ጨርቁ ላይ ያስቀምጡት፣ የቫኪዩሙን ኃይል መጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አድርገው አፉን በዓይነ ርግቡ ላይ ያሳርፉ፣ ያንሡ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ያሳርፉ። መጎተት የለም። ብሩሽም አያስፈልግም። ቡናማው ግጥም ያለበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይዝለሉት። መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን። የረገፈ ብናኝ ክር ካገኙ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቀለም ለሚመረምር ሰው ያቺ ትበቃለች።

ብሉ አሁንም ይኑር አይኑር የሚታወቀው በጨርቁ ቀለም ያሉ አሸዋ የሚመስሉ ፍርፋሪዎችና ነጭ የሐር ቱቦዎች በማየት ነው። ካሉ ጥልፉን አሲድ በሌለበት ስስ ወረቀት ጠቅልለው፣ በላስቲክ ከረጢት አየሩን ገፍተው አሽገው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ለ24 ሰዓት አይክፈቱት፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይረፍ እንጂ ጨርቁ ላይ አይረፍ። የብል ኪኒንና መርጫ ግን አይጠጋው። ምልክቱ ከሌለ ቀዳዳዎቹ የጥንት ናቸው፣ ይተዉአቸው።

እንደገና ሲከፈፍ ለክፈፍ ሠሪው በግልጽ የሚነገሩት ነገሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ሥዕል እንጂ ጨርቅ አልለመዱምና። ሙጫም፣ ቴፕም፣ ሁለት ፊት ተለጣፊም አይነካውም። አሲድ አልባ ካርቶን በታጠበ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ይለበጣል፤ ጨርቁ ያለ ማለስለሻ በሙቅ ውሃ የታጠበ ይሁን፣ የፋብሪካው ስታርች እንዲወጣ። ጥልፉ በዚያ ላይ ተዘርግቶ ዳር ዳሩን በቀጭን ክርና በጎባጣ መርፌ ይያዛል፣ በየ5 እስከ 10 ሚሊሜትር። መርፌው በድርና ማጉ መሐል ይለፍ እንጂ ክር አይውጋ። ቀጥ እንዲል ብሎ መወጠር የለም፤ የጠመመ ሳምፕለር ጠሞ ይኑር። ቀዳዳዎቹ አይጣፉም፣ ከሥር ባለው ጥጥ ጨርቅ ተደግፈው ይታያሉ። የጨርቁ አራቱም ጠርዝ ይታይ፤ መታጠፍ የለበትም። በመስታወቱና በጥልፉ መሐል ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት በማራቂያ ይሠራል፤ መስታወት ላይ የተለጠፈ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ያወጣል። አልትራቫዮሌት የሚያጣራ መስታወት ይጠይቁ። በፕላስቲክ መስታወት ግን አይስማሙ፦ በኤሌክትሪክ ኃይሉ ብናኝ ስለሚስብ የሚረግፈውን ግጥም ከጨርቁ ላይ እየነቀለ ይወስድብዎታል።

የሚሰቀልበት ቦታ ከማሞቂያው በላይ፣ ውጭ የሚያዋስን ቀዝቃዛ ግድግዳና ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን አይሁን። ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ጨርቅ ብርሃኑን ከ50 ሉክስ አያሳልፉም፤ ደብዛዛ ኮሪደር ማለት ነው። ሌላም በእኛ ቤት ብቻ የሚነሣ ነገር አለ። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አይስቀሉት። የቡናው ዘይትና የዕጣኑ ጥላሸት በክፈፉ ስንጥቅ ገብቶ ሱፉ ላይ ይተኛል፤ እሱን የሚያነሣ ደረቅ ዘዴ የለም።

የጠፉት ቁጥሮች ከተነበቡ ልጅቱን መፈለግ ይቻላል። ከዓመቱ ላይ 11 ይቀንሱ። በእንግሊዝና ዌልስ የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 1837 ስለሆነ የእርሷን ልደት እዚያ አያገኙትም፤ የሚፈለገው በደብሮች የጥምቀት መዝገብ ነው፣ ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል። በ1841 የሕዝብ ቆጠራም ስም በስም ተመዝግቧል፤ እዚያ ሲያዩ ግን ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች በአምስት እየተጠጋጋ እንደተጻፈና ሴቲቱ አግብታ ስሟን ቀይራ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። በመጀመሪያ ግን የአረጋዊቷን ልጆች ጥልፉ ከእናታቸው ወገን ይምጣ ከአባታቸው፣ ወይስ ተገዝቶ ይሁን ይጠይቋቸው። የሚነግሩዎትን፣ ከማን እጅ መቼ እንደተቀበሉት፣ የተነበበውን ዓመትና የግጥሙን ግልባጭ አሲድ አልባ ካርድ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ አይጠቀሙ። ካርዱ በፖስታ ሆኖ ከክፈፉ ጀርባ፣ ከመዝጊያው ካርቶን በውጭ በኩል ይለጠፍ፣ ከጥልፉ ጋር እንዳይነካካ።